ለክብር እንግዳው የጻፍኩት ስድስት መስመር

የክብር እንግዳ ንግግር የሚጽፈው የክብር እንግዳው አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ "እንዴት ያለ አንደበት ነው!" ይላል፤ እኛ ከመጋረጃው ጀርባ ያለነው ደግሞ እርስ በርስ ተያይተን ሳቃችንን እንውጣለን። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ጋባዡ ድርጅት የግብዣ ደብዳቤውን ሲልክ ንግግሩንም አርቅቆ አብሮ ይልካል። የእንግዳው ቢሮ አንድ ሁለት ቃል ይቀይራል፣ ቆንጆ ፎልደር ውስጥ ያስገባዋል፣ ክቡርነታቸው ያነቡታል፤ እኛም በዜና "ገለጹ፣ አሳሰቡ፣ አስገነዘቡ" ሲባል እንሰማለን። በአንድ የመገናኛ ብዙኃን ድርጅቶች ማኅበር ውስጥ የጉባኤ ፕሮግራም አስተባባሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደገለጽኩና ስንት ጊዜ እንዳሳሰብኩ አላውቅም። አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል እንጂ ያኔ በዚህ እኮራ ነበር።

ዋናው ሥራዬ ግን ተናጋሪ መፈለግ፣ ርዕስ መስጠት፣ ጽሑፍ መሰብሰብ፣ ከዚያም ማሳጠር ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አምስት ደቂቃ ይበቃኛል ብሎ አርባ አምስት ደቂቃ የሚያወራ አለ፤ ስድሳ ስላይድ ይዞ መጥቶ "ይቺን እንለፋት" እያለ አንዷንም የማያልፍ አለ፤ ከርዕሱ ይልቅ ምሳ መኖሩን የሚያጣራም አይጠፋም። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ መጀመሪያ ቢጫ ካርድ፣ ቀጥሎ ቀይ ካርድ አሳያለሁ። ቀዩን አይቶ ያላቆመ ካለ ማይኩ እንዲዘጋ ለድምፅ ባለሙያው በዓይኔ እጠቅሳለሁ። በማኅበሩ ውስጥ "መቀሷ" ይሉኛል። ስሙ ሲወጣልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የዘንድሮው ጉባኤያችን ርዕስ የሚዲያ ተዓማኒነት ነበር። ርዕሱ በቴሌግራም ገጻችን በወጣ በሁለተኛው ቀን የቢሮ ስልክ ጠራ። ቢሯችን ከሾላ ገበያ አለፍ ብሎ ያለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚኒባስ ረዳቶች ጩኸት በመስኮት ስለሚገባ በስልክ የምነጋገረው አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ነው። "ጤና ይስጥልኝ" አለ አንድ ድምፅ፤ ሳላውቀው ከወንበሬ ቀና አልኩ። ይህን ድምፅ የማያውቅ የእኔ እኩያ የለም። ልጅ ሆነን ሬዲዮ ተከፍቶ ሲውል ዜናና ማስታወቂያ የሚያነብልን እሱ ነበር። የድምፁ ባለቤት ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እንዲያውም በሕይወት ያሉ አይመስለኝም ነበር።

"ስለ ተዓማኒነት ልትነጋገሩ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ ልጄ። እኔ የምናገረው አለኝ" አሉኝ።

በሥራ ልምዴ፣ በራሱ ደውሎ "ልናገር" የሚል ሰው ያስፈራኛል። እንዲህ ያለው ሰው ወይ ቂም አለው ወይ መጽሐፍ አሳትሟል። ድምፃቸው ግን ድምፅ ነው፤ ለፕሮግራሙም ጌጥ ይሆናል ብዬ ከሻይ እረፍት በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጠኋቸው። ጽሑፍ ከጉባኤው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማስገባት ግዴታ መሆኑንም ነገርኳቸው። ኢሜይል እንደማያውቁ፣ በእጃቸው እንደሚጽፉ፣ ጉልበታቸውም ቁልቁለት እንደማይወድ ሲነግሩኝ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ አልኩ። ይህን ያደረግኩት ለሳቸው አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ዴድላይን ነው።

ቤታቸው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ነው። ፈረንሳይ ሰፈር ድረስ በታክሲ ሄጄ ከዚያ በኋላ ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ፤ በቢሮ ጫማ። ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ ስለነበር መጀመሪያ ውኃ ሰጡኝ፣ ቀጥሎ ቆሎ። ከዚያ በኋላ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ አሥራ አንድ ገጾች አመጡልኝ። ፊደላቸው እንደ ድምፃቸው ነው፤ አንዱ ከሌላው አይነካካም።

"ምን እንዳለበት በአጭሩ ልንገርሽ" አሉ።

ነገሩ ይህ ነው። ወጣት ሳሉ፣ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በካርድ በሚሸጥበት ጊዜ፣ አንድ ማስታወቂያ መጣላቸው። የአንድ ቀበሌ ነዋሪ ከሱቁ የሕዝቡን ስኳር ዘርፏል፤ የሚያውቅ ይጠቁም ይላል። ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፏል። ማስታወቂያው የመጨረሻው ነበር፣ የዜናው ሙዚቃ ሊጀምር ጥቂት ሰከንድ ቀርቶታል። ሰዓት እንዳያልፍባቸው የአያቱን ስም ትተው የሰውየውንና የአባቱን ስም ብቻ አነበቡ። በዚያው ቀበሌ ስሙም የአባቱ ስምም አንድ የሆነ ሌላ ሰው ነበር፤ ልብስ ሰፊ። በማግሥቱ ሱቁን ከፍቶ ቢቀመጥ የመጣ ሰው የለም። ልብስ ሰጥተው የነበሩት ሳይሰፋላቸው መልሰው ወሰዱ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ውስጥ "ስኳር" እያሉ ጠሯቸው። ሻይ ቤት ሲገባ አሳላፊው የስኳር ዕቃውን ከፊቱ ያነሳበት ነበር። ሰውየው ቤቱ ውስጥ ስኳር ከታየ ነገሩ እውነት ይመስላል ብሎ ስለፈራ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስኳር እቤቱ አልገባም፤ እሱም ልጆቹም ሻይ በጨው ጠጡ። እስኪሞት ድረስ።

"እርማት አልተነገረም?" አልኳቸው።

"ደብዳቤ ጽፎልን ነበር። አለቃዬን ስጠይቅ ማስታወቂያው የእኛ አይደለም፣ ላኪው ያርም አለኝ። የአያቱን ስም የዘለልኩት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።"

"ታዲያ አሁን ምን አስነሳዎት?"

"ጡረታ ስወጣ ፈለግሁት፤ ሞቷል። ልጁ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ሄጄ ነገርኳት። 'አባቴን ሌባ ያሉት በሬዲዮ፣ አገር እየሰማ ነው፤ ይቅርታውን ለብቻዬ በጆሮዬ ይነግሩኛል እንዴ?' አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን ሬዲዮ የለኝም። ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ስፈልግ የእናንተን ሰማሁ።"

ሁለት ነገር ብቻ ለመኑኝ። አንደኛው፣ የልብስ ሰፊው ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ሳይቆረጥ አዳራሹ ውስጥ እንዲነገር። ሁለተኛው፣ ለልጁ መግቢያ እንድሰጣት። ስልኬን አውጥቼ "አንድ ተጨማሪ ባጅ" ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉን ታክሲ ውስጥ ሳነብ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። አላነበብኩትም፣ አልገባኝም፣ አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አውቅ ነበር።

ጉባኤው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከክብር እንግዳው ቢሮ ተደወለልኝ። የላክሁት የንግግር ረቂቅ ደርቋል ተባልኩ። ባለፈው ዓመት ሕዝቡ ስልኩን ሲነካካ ነበር፤ ክቡርነታቸው በዚህ አልተደሰቱም። "መግቢያው ላይ ሰውን ፈገግ የሚያደርግ ገጠመኝ ይግባበት፤ ደግሞ ከምሳ በፊት ይድረሰን" አለችኝ ጸሐፊያቸው። ሥራ አስኪያጃችን በሬን ከፍቶ ጣቱን ሰዓቱ ላይ አደረገና ሄደ። በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሬ ላይ ተከፍቶ የነበረው የሽማግሌው ጽሑፍ ነው፤ እየተየብኩት ነበር፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ።

ሌላ ገጠመኝ አጥቼ አይደለም። ብፈልግ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት አገኝ ነበር። እጄ ላይ ያለውን መውሰድ ቀለለኝ፣ ይኸው ነው። አሥራ አንዱን ገጽ ስድስት መስመር አደረግሁት። ለክብር እንግዳ ንግግር የሰው ስም መጥራት አይመችም ብዬ ስሙን አወጣሁት። የልብስ ሰፊውን ብቻ ሳይሆን የአንባቢውንም አወጣሁ። ልጆቹን አወጣሁ። ደብዳቤውን አወጣሁ። የቀረው ሰዓት ያጠረው አንባቢ፣ የተዋጠ የአያት ስምና ሻዩን በጨው የሚጠጣ ልብስ ሰፊ ነው። ጨው ያለበትን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አደረግሁት፤ ሳቅ የሚመጣው ከመጨረሻ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሙያዬ ነው። ጽፌ ስጨርስ እኔ ራሴ ፈገግ ብያለሁ። ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ከላክሁት በኋላ ራሴን በብዙ ነገር አጽናናሁ። እንግዶች እንደተጻፈላቸው አያነቡም፤ ይዘሉታል። ቢያነቡትም ስም የለውም። ለሽማግሌው ደውዬ እነግራቸዋለሁ፣ ምናልባትም ደስ ይላቸው ይሆናል፣ ታሪካቸው በትልቅ ሰው አፍ ሲነገር። ዛሬ እደውላለሁ ስል አምስቱ ቀን አለቀ። የወንበር ሽፋን ቀለም ለመምረጥ ግን ለሆቴሉ አራት ጊዜ ደውያለሁ።

የጉባኤው ዕለት ሽማግሌው ከሁሉ ቀድመው መጡ። ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ የራሳቸውን ቅጂ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅም አብራቸው መጣች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ቀሚሷ ከሣጥን የወጣ መሆኑ እጥፋቱ ላይ ይታያል። ስሟን አስቀድሜ ስላልጠየቅኩ ባጇ ላይ "ተጋባዥ" ብቻ ነው የተጻፈው። አንገቷ ላይ አጠለቅሁላትና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከሽማግሌው ጎን አስቀመጥኳት። "ስሙን ይጠሩታል አይደል?" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አዎ እትዬ፣ ከሻይ በኋላ" አልኳት። በዚህ መልሴ ውስጥ ውሸት አልነበረም፤ ያን ዕለት የተናገርኩት ብቸኛው እውነትም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የክብር እንግዳው አንድ ሰዓት ከሩብ አርፍደው ደረሱ። ተነሥተን አጨበጨብን። እኔ አዳራሹ በር አጠገብ ቆሜ በልቤ "ዝለሉት፣ ዝለሉት" እል ነበር። አልዘለሉትም። ሰውየው ለካ ሲያነቡ ጎበዝ ናቸው።

"በአንድ ወቅት አንድ የሬዲዮ ባልደረባችን ሰዓት አጥሮት የአያት ስም ቢውጥ፣ ምስኪኑ ልብስ ሰፊ በአንድ ጀምበር የስኳር ሌባ ሆኖ አደረ..." አሉና ቆም ብለው አዳራሹን አዩ። ከዚያ ወደ ጨዋታው ገብተው ቀጠሉ፦ "ሰውየውም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻዩን በጨው መጠጣት ጀመረ ይባላል!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋዜጠኛ ሲስቅ ከልቡ ነው። ፊት ለፊት የተቀመጡት የቦርድ አባላት ተደጋግፈው ሳቁ፣ የካሜራ ባለሙያዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ከእኔ አጠገብ የቆመችው አስተናጋጅ አፏን በትሪዋ ሸፈነች።

ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው ዞራ አየቻቸው፤ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። እሳቸው እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሞክሩ እሷ ብድግ አለች። ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና በረድፉ መሐል መውጣት ጀመረች። ሰዉ እየሳቀ ጉልበቱን እየሰበሰበ አሳለፋት። ሽማግሌው ለመነሣት የፊት ወንበሩን ያዙ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። እሷ እኔ ጋ ስትደርስ ዓይን ለዓይን ተያየን። የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ይህንን ነው፦

"የሻይ ሰዓት ገና ነው እኮ፣ እትዬ።"

አልፋኝ ወጣች። ተከትያት አልወጣሁም፤ ቀጥሎ የፎቶ ፕሮግራም ነበር።

በሻይ እረፍቱ ሽማግሌው ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሻይ ውሰጂላቸው ብዬ አስተናጋጇን አዘዝኩና እኔ ራሴ በሌላኛው በር ወጣሁ። እረፍቱ ሲያልቅ የመድረክ መሪው ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ጠርቶ ወደ መድረክ ጋበዛቸው። ቀስ ብለው ወጡ። ወረቀታቸውን ከጋዜጣው አልፈቱትም። ማይኩን እንደ ልማዳቸው በሁለት ጣት ነካ አደረጉና ያ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

"የምናገረው ነበረኝ። የምናገረው ግን ለአንዲት ሰው ነበር፤ እሷ ሄዳለች። ይቅርታ አድርጉልኝ" ብለው ወረዱ።

ሰው ግራ ገባው። መድረክ መሪው ደንግጦ ዓይኑ እኔን ፈለገ፤ ምልክት ሲያጣ ራሱ ተወጣው። "ጋሼ ጊዜ ስለቆጠቡልን እናመሰግናለን!" አለና አስጨበጨበላቸው። በጭብጨባው መሐል ሥራ አስኪያጃችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ያረፈድነውን ሰዓት አካካስነው፣ ጎበዝ" አለኝ። እኔም እፎይ አልኩ። እውነት ነው የምላችሁ፣ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ፕሮግራሙ ተስተካክሎ ምሳ በሰዓቱ ተበላ። ኀፍረቱ የመጣው ምሳ ላይ ነው፤ ሻይ ቀርቦልኝ ስኳር ለመጨመር እጄን ስዘረጋ። እጄን መለስኩ።

ስምንት ቀን ቆይቼ እንጦጦ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር፤ ልማዴ ነው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። "ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ" አሉኝ። አልተቀመጥኩም። የተዘጋጀው ንግግር ጠፍቶብኝ "ጋሼ፣ ያቺን ነገር ለክብር እንግዳው የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ። "ጽሑፉን የሰጠሁት ላንቺ ብቻ ነው። ሌላ ከየት ይመጣል?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ከደጃቸው ቢያባርሩኝ እንዴት በቀለለኝ! "እኔ አንቺን ለመቆጣት ምን አፍ አለኝ?" አሉኝ። "እኔም ሰዓት አጥሮኝ ነው የቆረጥኩት። እኔን ተይኝ። በነጋታው የጎረቤት ልጅ መኪና ለምኜ ሾላ ወርጄ ነበር። 'አባቴን ለትልቅ ሰው ሰጥተው አሳቁበት' አለችኝ። እኔ የሰጠሁ ነው የመሰላት። አልሰጠሁም ብላት እንዴት ታምነኛለች? አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ። እንዴት እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሂጂና ንገሪያት። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ነገ እሄዳለሁ" አልኳቸው። ቃል ሰጠሁ። አውራ መንገዱ ድረስ ልሸኝሽ ብለው ተነሡ፤ በግድ አስቀመጥኳቸው።

በማግሥቱ በእርግጥ ሄድኩ። ሾላ ከቢሮዬ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። የቅመም ተራውን ገብቼ ከሩቅ ለየኋት። ደንበኛ ከብቧት ነበር፤ ሰው ፊት እንዴት ብዬ አልኩና ጥቁር አዝሙድ ገዝቼ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ብቻዋን ነበረች። ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ባሰብኝ። ኮረሪማ ገዛሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ፣ አራተኛ ሄድኩ። በጉባኤው ዕለት ፀጉሬን አሲዤ፣ ኮት ለብሼ፣ መነጽር አድርጌ ነበር፤ ሾላ ስሄድ ግን መነጽሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነጠላ እከናነባለሁ። ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩትም፤ መልሱን ስለማውቀው ነው። እቤቴ ለአንድ ሠርግ የሚበቃ ቅመም ተጠራቀመ። እህቴ መጥታ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት "ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ሽማግሌው በየቅዳሜው ይደውሉልኛል። በቀጥታ አይጠይቁኝም። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ምን እየጠየቀኝ እንደሆነ እናውቃለን፣ ሁለታችንም። መጀመሪያ "ሱቁ ዝግ ነበር" አልኳቸው። ቀጥሎ "ክፍለ ሀገር ሄዳለች አሉ" አልኳቸው። "ይሁን፣ ትመጣለች" አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት የተናገረውን ሁሉ አምነን ያደግንበት ድምፅ፣ አሁን እሱ እኔን እያመነ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቆርጬ ተነሣሁ። ዛሬ ሳልናገር አልመለስም ብዬ ነጠላዬን ቢሮ ትቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ሄድኩ። ሥራ ቀዝቅዞላት የእርድ ክምር በትንሽ አካፋ እያስተካከለች ነበር።

"ምን ልስጥሽ እናቴ?" አለችኝ።

"እርድ" አልኩ። እርድ የፈለግኩት እኔ አልነበርኩም፤ አፌ ነው።

ሩብ ኪሎ መዘነችልኝ። ላስቲኩን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደገና አየችኝ፣ እጇ ቆመ። ሱቁ ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። የፈለግኩት ጊዜ መጥቶ እፊቴ ቆመ።

"አንቺ... ያን ቀን ሆቴሉ ውስጥ ባጅ ያጠለቅሽልኝ ልጅ አይደለሽም? በሩ ላይ የነበርሽው?"

ንግግሩ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ጋሼ አልሰጡም፣ እኔ ነኝ፣ እሳቸው የአባትዎን ስም ሊጠሩ ነበር የመጡት። አራት እስትንፋስ የማይፈጅ ነገር ነው። ለሌላ ሰው ስንቱን ጽፌያለሁ።

"ኧረ አይደለሁም" አልኩ። "ተሳስተዋል እትዬ።"

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ፤ እሷ ነች የደነገጠችው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ውይ፣ ይቅርታ እናቴ! ከሌላ ሰው ጋር አምታትቼሽ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ" አለችኝ። ያሰረችውን ላስቲክ ፈትታ አንድ እፍኝ እርድ መረቀችልኝና መልሳ አሰረችው። ተቀብያት ወጣሁ።